የጋሼ ወልዴ በር

ተረፈች አማቷን ከቤት አስወጥታ ጓሮ ልታሳድር ነው ተብሎ በሜልበርን ከሴንት አልባንስ ሰፈር እስከ ሜልተን ሲወራ፣ ወሬውን ከሁሉም በኋላ የሰማችው ራሷ ተረፈች ነበረች። የሰማችውም ቅዳሜ ጠዋት፣ የልጆቹን ዩኒፎርም ልብስ ማጠቢያው ውስጥ እየከተተች፣ የስልኩን እጀታ በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ ይዛ ነው። የደወለችላት ሰንሻይን ዌስት የምትኖረው ዓለምጸሐይ ናት። ዓለምጸሐይ ስለ ልጆቹ ጤና፣ ስለ ቲማቲም መወደድ፣ ባቡር ውስጥ ስላፋጠጧት ቲኬት ተቆጣጣሪዎች ስታወራ ቆይታ ልትሰናበት ስትል፣ «እንዳልነገርኩሽ ሁኚና፣ ዛሬ ከሰዓት ሽማግሌ ይመጣብሻል» አለች።

«የምን ሽማግሌ?»

«ከአማትሽ ሊያስታርቁሽ ነዋ። ጋሼ ገብረጻድቃንና አቶ ሓለፎም።»

«መቼ ተጣላንና?»

ዓለምጸሐይ ዝም አለች። ስልክ ይዛ ዝም ማለት የማታውቅ ሴት ዝም ስትል ነገሩ እንደ ከረመ ተረፈች ገባት። «እኔ እኮ አላመንኩም» አለች ዓለምጸሐይ በመጨረሻ። «ግን ያንቺው ብሥራት ናት አሉ የተናገረችው። ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ቤተሰብ ሲጠየቁ፣ አያቴ ጓሮ ካራቫን ውስጥ ሊኖር ነው አለች አሉ። ከዚያ ወዲያ እንግዲህ ታውቂዋለሽ፣ የሰው አፍ።»

ተረፈች ስልኩን ዘግታ የማጠቢያውን ቁልፍ ሳትጫን ቆመች። ሳምንቱን ሙሉ የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። የሰው አባት ታጥባለች፣ የሰው እናት ታበጥራለች፣ ሾርባ ታጎርሳለች፣ ልጆቻቸው ለገና አንድ ጊዜ ብቅ የሚሉላቸውን ሽማግሌዎች እጅ ይዛ ኮሪደር ለኮሪደር ትሄዳለች። አመሻሹ ላይ አውቶቡስ ጠብቃ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ጋሼ፣ ምሳ በሉ?» ብላ የምትጠይቀው አማቷን ጋሼ ወልዴን ነው። ብሥራትን ጠራቻት። ልጅቷ ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «በት ኢትስ ትሩ ማሚ» አለች። ልጅቷ አልዋሸችም፤ ያለችው የሚታየውን ነው። የሚታየውም በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ከበለሱ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር።

ካራቫኑ፣ በመኪና የሚጎተት ባለ ጎማ ቤት፣ የጎረቤታቸው የቻርሊ ነበር። ቻርሊ ከማልታ መጥቶ እዚያው ሰፈር ያረጀ፣ የሰፈሩ የፉትቦል ቡድን ስሙን ሊለውጥ ነው ከተባለ ወዲህ ደግሞ ከማንም ጋር ስለ ሌላ ነገር ማውራት የማይችል ሰው ነው። በወጣትነቱ ሚስቱንና ልጆቹን በዚያ ካራቫን እየጎተተ ባሕር ይወስዳቸው ነበር። ልጆቹ አድገው ሲሄዱ ካራቫኑ ጓሮ ቀረ፤ ዶሮዎች ተከራዩት፤ ዶሮዎቹም ሲያልቁ ዝናብ ገባበት። ሚስቱ ከዓይኔ አጥፋልኝ ባለችው ጊዜ፣ የተረፈች ባል አድማሱ በአንድ ካርቶን ቢራ ወሰደውና፣ አጥሩን ሁለት ሳንቃ ነቅለው እየገፉ አሻገሩት። አድማሱ ለጠየቀው ሁሉ፣ «ለበጋ ነው፣ ልጆቹን ባሕር ዳር ልወስድበት» ይል ነበር። ጋሼ ወልዴ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባሕር የሚባል ነገር አላነሡም። በሩን ከፍተው፣ ዘግተው፣ እንደገና ከፍተው፣ «መቆለፊያው ደህና ነው» ብቻ አሉ።

ቻርሊ ያን ቀን የቆርቆሮውን ጎን እየደበደበ «ጠንካራ ነው» ሲል ወደ ውስጥ ቢራመድ አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ በወለሉ ሰጠመ። ጋሼ ወልዴ ከመጡ ወዲህ ተረፈች እንዲያ ሲስቁ ያየቻቸው የዚያን ዕለት ነው። አዲስ አበባ ሳሉ በቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ጸሐፊ ነበሩ፤ ሌላው መፍቻ ፈርሞ ሲወስድ መዝግበው ከማስረከብ በቀር መፍቻ ጨብጠው አያውቁም። እንግሊዝኛቸው እምብዛም ነው፤ የቻርሊም ከሰላሳ ዓመት በኋላ እንደ ተሰባበረ አለ። ነገር ግን ጋሼ ወልዴ ጠመንጃ መፍቻ ፈልገው ሲቸገሩ ሳያስቡት «ካቻቪቴ» ቢሉ፣ ቻርሊ ጣሊያንኛ የሚሰማ ሰው ነውና ከኪሱ መዥረጥ አድርጎ ሰጣቸው። ከዚያ «ፒንሳ» አሉት፤ መጣ። «ኮምፔንሳቶ» አሉት፤ መኪናውን አስነሥቶ ሄዶ ውኃ የማይበግረውን ገዝቶ መጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ ሰዎች ጣሊያን በየአገራቸው ጋራዥ ጥሎት በሄደው ቃል እየተግባቡ፣ የበሰበሰውን ወለል አንሥተው፣ ተሸካሚ እንጨቶቹን ለውጠው፣ አዲሱን ቸንክረው ፕላስቲክ ምንጣፍ አለበሱት። ዝናብ ያስገባ የነበረውን የመስኮት ዳርና የላሜራውን መጋጠሚያ በማጣበቂያ ደፈኑ። የተጨራመተውን ላሜራ ከውስጥ በጎማ መዶሻ እየመቱ አቃኑት፤ ከላይ ክሬም፣ ከወገቡ አረንጓዴ ቀቡት። የቀረው ውኃው ነበር።

ተረፈች ወደ ጓሮ ስትወጣ የጋሼ ወልዴ ኮትና ክራባት በበለሱ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅለዋል። የቻርሊ እግር ብቻ ከካራቫኑ ሥር ይታያል። እሳቸው ውስጥ ተንበርክከው የእቃ ማጠቢያውን ቁም ሣጥን እየመረመሩ ነው።

«ጋሼ» አለች ከመወጣጫው ሆና፣ «ዛሬ ሽማግሌ ሊመጣብን ነው አሉ።»

«ማንን ሊጠይቁ? ብሥራት ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

«እኔን ከርስዎ ሊያስታርቁ።»

ጋሼ ወልዴ ፒንሳውን አስቀመጡ። ተረፈች ዓለምጸሐይ የነገረቻትን ከነጓሮው፣ ከነብሥራቱ ነገረቻቸው። ፊታቸው ላይ ሳቅም ቁጣም ስታጣ ጊዜ ፈራች። «እባክዎ ዛሬ እንኳ ይተዉትና ይግቡ» አለች። «ልብስ ለውጠው ሶፋው ላይ ይጠብቋቸው። እንዲህ ተንበርክከው፣ ቀለም ነክቶዎት ካዩ አለቀልኝ።»

«ፓምፑ ያፈሳል» አሉ ጋሼ ወልዴ። «ዛሬ ካልተዘጋ አዲሱ ወለል ይበሰብሳል። ይምጡ፤ ሽማግሌ ክፉ አይደለም።»

ተረፈች ተመልሳ ሳሎን ገባችና ሶፋውን አየችው። ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን፣ ከፉትስክሬይ በቅናሽ የተገዛ ቡናማ ሶፋ ነው። ቤቱ ሁለት መኝታ አለው፤ አንዱ የሷና የአድማሱ፣ አንዱ የሦስቱ ልጆች ነው። ሳሎኑ የአማቷ ነው ይባላል፤ ግን ሳሎን የማንም አይደለም። በሦስት ዓመት ውስጥ ጋሼ ወልዴን ተኝተው አይታቸው አታውቅም። ልጆቹ ቴሌቪዥኑን እስኪያጠፉ ይጠብቃሉ፤ ከሁሉም በኋላ ይተኛሉ፤ ከሁሉም በፊት ይነሣሉ፤ ብርድ ልብሱን አጣጥፈው ከሶፋው ጀርባ ይደብቁና ኮት ለብሰው፣ ማንም እንዳልተኛበት ሰው ቁጭ ብለው ያነጋሉ። ተረፈች ይህን እንደ ጨዋነት ታየው ነበር። አሁን ግን ዓለምጸሐይ ከነገረቻት ወሬ ይልቅ አንድ ሌላ ሐሳብ ቆረቆራት። ወሬው ውሸት መሆኑን ታውቃለች፤ አላባረረቻቸውም። ግን ሰውየው ራሳቸው ሸሽተዋት ቢሆንስ? እንዲህ ተግተው ወለል የሚሠሩት፣ ሳይናገሩ ከሷ የሚወጡበትን መንገድ እየጠረጉ ቢሆንስ? ሽማግሌዎቹ «ምን በደለችዎት?» ብለው ቢጠይቁና ጋሼ ወልዴ ከጨዋነታቸው የተነሣ ዝም ቢሉ፣ ያ ዝምታ እስከ ሜልተን ይሰማል።

ድጋሚ ስትወጣ ቻርሊ ሚስቱ ጠርታው ሄዷል። ጋሼ ወልዴ ክንዳቸውን ቁም ሣጥኑ ውስጥ እስከ ትከሻቸው ከትተው ያቃስታሉ። የውኃው መንገድ ቀላል ነው፤ ከወለሉ ሥር ታንከር አለ፣ ከታንከሩ የጎማ ቱቦ ወለሉን በስቶ ይወጣል፣ ላይ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ ይስበዋል፣ የታጠበው ደግሞ በሌላ ቱቦ ወርዶ ውጭ ባልዲ ውስጥ ይፈስሳል። የሚያፈሰው ቱቦውና ፓምፑ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ጎማውን የሚያንቀው የብረት ቀለበት፣ ፋሼታው፣ ከግድግዳው ተጠግቶ ተቀምጧል፤ የቻርሊ እጅ የዳቦ ያህል ነው፣ የጋሼ ወልዴም ጣት አይደርስበትም።

«እኔ ልሞክር» አለች ተረፈች።

ቀሚሷን ሰብስባ በአዲሱ ወለል ላይ በጀርባዋ ተኛች። ጭንቅላቷን ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስገባች። ማጣበቂያና አዲስ እንጨት ይሸታል። ጋሼ ወልዴ ካቻቪቴውን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት፤ እሳቸው አይታዩዋትም፣ የምታየው ጎማውንና ከጎማው ጫፍ የተንጠለጠለችውን አንዲት ጠብታ ብቻ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጣ በሦስት ዓመት ያልጠየቀችውን እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆና ጠየቀች።

«ጋሼ፣ አስቀይሜዎት ነው?»

«ወደ ቀኝ አዙሪው» አሉ። አዞረችው። በለሱ ላይ አንድ ወፍ ይጮኻል።

«እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይባላል» አሉ በኋላ። «እኔ እናንተ ቤት ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ወርቅ ነኝ። ጥሩውን ሥጋ ለኔ። ሳስል ቴሌቪዥን ትቀንሻለሽ። ደክሞሽ መጥተሽ እኔን ታስታጥቢያለሽ። ምን ጎደለኝ ልበል? ግን ልጄ፣ ወርቅ እንዴት እንደሚኖር ታውቂያለሽ? ተቆልፎበት ነው። ያልተነካካ፣ የተወለወለ ሆኖ። ይደክማል።»

ተረፈች እጇን አቆመች።

«በር ሲንኳኳ ተነሥቼ እከፍታለሁ» አሉ ጋሼ ወልዴ። «የምከፍተው የናንተን በር ነው፤ የመጣውም የናንተ እንግዳ ነው። አንድ ሰው በሬን አንኳኩቶ፣ ማነው ብዬ፣ ግባ ማለት አማረኝ። ይኸው ነው። ለአድማሱ ልነግረው ባሕር ባሕር ይለኛል። ላንቺ ልነግርሽ ደግሞ እንዳይከፋሽ ፈራሁ።»

ከፋት። አልዋሸችም ለራሷ፤ ይህን ሁሉ አድርጋ አለመብቃቱ ትንሽ ከፋት። ግን ከዚያ ሥር ሌላ ነገር አገኘች። እሷም እኮ ሦስት ዓመት ሙሉ በገዛ ሳሎኗ ፀጉሯን ሳታሥር ቁጭ ብላ አታውቅም። እሳቸው እሷን ሲጠብቁ፣ እሷ እሳቸውን ስትጠብቅ፣ ሁለት ጨዋ ሰዎች አንድ ሶፋ ላይ ተጠባብቀው ኖረዋል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሳቋ መጣ። «ይግፉት» አለች። ጋሼ ወልዴ ፓምፑን ገፉ። ጠብታዋ ተንጠልጥላ ቆየችና፣ ሌላ ሳይከተላት ደረቀች።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሁለቱም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ጋሼ ገብረጻድቃን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጃንጥላ ይዘዋል፤ የሜልበርንን ሰማይ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። አቶ ሓለፎም ወፍራም ናቸው፤ ከባቡር ጣቢያው በእግር በመምጣታቸው ያልባቸዋል። ተረፈች ሶፋውን ብታሳያቸው እንደ ደንቡ እንቢ አሉ፤ ለእርቅ የመጣ ሰው ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም።

«አባታችን የታሉ?» አሉ ጋሼ ገብረጻድቃን።

«ጓሮ ናቸው» አለች ተረፈች።

ሁለቱ ተያዩ። «በአፏ ተናገረች» የሚል መተያየት ነበር። ጋሼ ገብረጻድቃን ጃንጥላቸውን እየተመረኮዙ፣ አቶ ሓለፎም እየተከተሉ በወጥ ቤቱ በኩል ወጡ።

ጋሼ ወልዴ ኮታቸውን ለብሰው፣ ክራባታቸውን አሥረው፣ በካራቫኑ በር ላይ ቆመዋል። ጣታቸው ላይ ብቻ አረንጓዴ ቀለም ቀርቷል። «ግቡ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንገባም» አሉ ጋሼ ገብረጻድቃን።

«ደጄ ላይ ቆሞ የሚለምነኝ ሰው የለም። ግቡ፤ ከዚያ እሰማለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቁም። አስታራቂ ቆሞ ይለምናል፤ ግን ባለቤቱ በበሩ ቆሞ ግቡ ሲል አለመግባትም ነውር ነው። አቶ ሓለፎም ቀደሙ። መወጣጫውን ሲረግጡ ካራቫኑ ትንሽ ዘንበል አለ። ተረፈች ትንፋሿን ያዘች፤ ቻርሊ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ የሚያየው የሳቸውን እግር ነው። አንድ ረገጡ፣ ሁለት ረገጡ። ወለሉ ሲጥ አላለም። ቻርሊ ራሱን ነቅንቆ ጠፋ። ሁለቱ ሰዎች በታጣፊው ጠረጴዛ ዙሪያ በመቀመጫዎቹ ላይ ተቀመጡ፤ ተረፈች እንደ ተከሳሽ ሣሩ ላይ ቀረች።

«አንቺም ግቢ» አሉ ጋሼ ወልዴ። «እዚህ እኔ ነኝ የማዘው።»

ጋሼ ገብረጻድቃን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አባት ማለት ዋርካ መሆኑን፣ ዋርካ ደግሞ ከቤት ውጭ እንደማይጣል መናገር ሲጀምሩ፣ ዋርካ ከቤት ውጭ እንደሚበቅል ትዝ አላቸው መሰል ትንሽ ተደናቀፉ። በዚያው ቅጽበት በመስኮቱ በኩል የቻርሊ እጅ ብቅ አለ፤ ሚስቱ የጋገረችው፣ ውስጡ አይብ ያለበት ትኩስ ፓስቲ በሳህን ይዟል። ጋሼ ወልዴ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ «ነገሩ ይደርሳል፤ መጀመሪያ እጅ ይታጠባል» አሉ።

ተረፈች ከልማዷ ዘልላ ፓምፑን ያዘች። የጋሼ ወልዴ እጅ ግን ቀድሞ እጀታው ላይ ነበር፤ አልለቀቁም። «እንግዳ ባለቤቱን አያስታጥብም» አሉ። ጋሼ ገብረጻድቃን አይሆንም ብለው ቢነሡ ጭንቅላታቸው ከጣሪያው ተጋጨ፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ፓምፑ ሳለ፣ አንድ ጊዜ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ውኃው እየተንዠቀዠቀ መጣ። አቶ ሓለፎም ታጠቡ። ጋሼ ገብረጻድቃን እያጉረመረሙ ታጠቡ። በመጨረሻ ጋሼ ወልዴ ወደ ተረፈች ዞሩ።

«ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው።»

«በሰው ቤት አይከራከሩም።»

እጇን ዘረጋች። በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ማስታጠቢያ ይዛ ፊታቸው እንደ ቆመች አታውቀውም። አሁን ውኃው በሷ ጣቶች ላይ ይወርዳል፤ ከእግሯ ሥር፣ ከአዲሱ ወለል በታች፣ ባልዲው ውስጥ ሲንቆረቆር ይሰማል። ቀና ብላ አላየቻቸውም። እሳቸውም ዝግ ብለው፣ ስትጨርስ እስክትናገር ድረስ ገፉላት።

«እንዲህ ያለ የተባረረ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ አቶ ሓለፎም በሞላ አፋቸው።

አድማሱ ከታክሲ ሥራው ሲመለስ ያገኛቸው ሲስቁ ነው። ሽማግሌዎቹን ከነሙሉ ልብሳቸው ሲያይ ሰው የሞተ መስሎት ደነገጠ። ጉዳዩ ሲነገረው ጆሮው ቀላ። «ካራቫኑ እኮ ለባሕር...» ብሎ ጀመረና የአባቱን ክራባት አይቶ ተወው። «አባቴን ጓሮ አስተኝቼ ሰው ምን ይለኛል?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሰው ብሎ ጨርሷል» አለች ተረፈች። «አሁን የቀረው የሳቸው ሐሳብ ነው።»

ጋሼ ገብረጻድቃን ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ሽማግሌ ካሳ ሳይቆርጥ አይመለስም፣ ስለዚህ ጥፋተኛ መገኘት አለበት አሉ። ተረፈች አጥፍታ አልተገኘችም። ጋሼ ወልዴም አላጠፉም። ጥፋተኛው አባቱ ቤት ሲሠሩ ባሕር ነው እያለ ያወራው አድማሱ ነው፤ ካሳውም ብርዱ ሳይገባ ኤሌክትሪክ ስቦ ማሞቂያ ማስገባት ነው። አቶ ሓለፎም ደግሞ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ያዩትን መናገሩን በራሳቸው ላይ ወሰዱ። «ወሬውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም» አሉ የመጨረሻውን ፓስቲ እያነሡ፣ «መልሱን ግን ራሴ አደርሳለሁ። ፓስቲውንም ጨምሬ።» ተረፈችና አማቷ ያልነበረውን ጠብ ተሳሳሙበትና፣ ታረቁ ተባለ።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል አድማሱና ብሥራት ብርድ ልብሱንና ትራሱን ተሸክመው ወደ ካራቫኑ ተሻገሩ። ተረፈች የሳሎኑን ሶፋ አጥፋ፣ ፀጉሯን ፈታ፣ እግሯን አንሥታ ጥቂት ተቀመጠችበት። ሶፋው ሰፋባት። ከዚያ ተነሥታ እራት በትሪ አድርጋ ወደ ጓሮ ወጣች። በካራቫኑ መስኮት በኩል የእጅ ባትሪ ብርሃን ይታያል። እጇ ሞልቷል፤ እንደ ወትሮው በሩን በክርኗ ልትገፋው ቃጣች። ከዚያ ቆመች። ትሪውን መወጣጫው ላይ አስቀመጠች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ አንኳኳች።

ውስጥ ኮት ሲለበስ ይሰማል። በአዲሱ ወለል ላይ ሁለት እርምጃ ተራመዱ።

«ማነው?» አሉ ጋሼ ወልዴ።

ማን እንደሆነች ያውቃሉ። ቢሆንም ጠበቁ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ግቢ» አሉ፣ በሩን እስከ መጨረሻው እየከፈቱ።